ለኤፍ ኤች አቻ ይበቃው ነበር፦ የአይስላንድ ሊግ የ2014 ወቅት

ቅዳሜ መስከረም 24 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 4 ቀን 2014፣ ከሬይካቪክ በስተደቡብ ባለችው የሀፍናርፍዮርዱር ከተማ፣ ካፕላክሪኪ በሚባል ሜዳ ከ6,000 በላይ ሰው ታጭቆ ነበር። ስታዲየም ሞልቶ ለለመደ የአዲስ አበባ ተመልካች ቁጥሩ ምንም አይመስልም። የአይስላንድ ሕዝብ ግን ያኔ በጠቅላላ 325,000 ገደማ ነበር። ከሃምሳ ሰው አንዱ ያን ቀን እዚያ ሜዳ ገብቷል ማለት ነው። ወደ እኛ አገር ሕዝብ ቢመነዘር ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ለአንድ የሊግ ጨዋታ ወጣ እንደማለት ነው።

የወጡበትም ምክንያት ነበራቸው። የዚያ ወቅት የመጨረሻው፣ ሃያ ሁለተኛው ሳምንት ነው። የሠንጠረዡ አንደኛ የሆነው ክለብ ኤፍ ኤች በሜዳው ሁለተኛውን ስትያርናንን ያስተናግዳል። ኤፍ ኤች 51 ነጥብ ይዟል፣ ስትያርናን 49። ይሄ ብቻ ቢሆን ጥሩ የዋንጫ ፍልሚያ ነው ብለን እናልፈው ነበር። ጉዳዩን ለጥናት የሚያበቃው ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱም ቡድኖች እስከዚያ ቀን ድረስ በሊጉ አንድም ጨዋታ አልተሸነፉም። ሃያ አንድ ሳምንት ተጫውተው ሁለቱም ሽንፈት አልቀመሱም።

እንግዲህ ያን ቀን ሊፈጠር የሚችለውን አስቡት። አቻ ከወጡ ኤፍ ኤች ሳይሸነፍ ዋንጫ ያነሳል፣ ስትያርናን ደግሞ ሳይሸነፍ ሁለተኛ ይሆናል። በእግር ኳስ እንዲህ ዓይነት ዕጣ የደረሳቸው ጥቂት ናቸው። ቤንፊካ በ1977/78 ሳይሸነፍ ዋንጫውን ለፖርቶ ሰጥቷል። ፔሩጂያ በ1978/79 በጣሊያን ሴሪ አ 11 አሸንፎ፣ 19 አቻ ወጥቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ ሚላን ቀድሞታል። ጋላታሳራይም በ1985/86 ሳይሸነፍ ለቤሺክታሽ እጅ ሰጥቷል። ስትያርናን የዚህ ማኅበር አባል ለመሆን አንድ አቻ ብቻ ቀርቶት ነበር።

ብዙ ሰው ይህን ወቅት ሲያነሳ ወደ መጨረሻዋ ደቂቃ ነው የሚሮጠው። እኔም እደርስባታለሁ፤ አለመድረስ አይቻልም። የእኔ ክርክር ግን ዋንጫው የተበላው ከዚያ በፊት ነው የሚል ነው።

ሊጉ

የአይስላንድ ከፍተኛ ሊግ፣ በአገሩ ስም ኡርቫልስዴይልድ የሚሉት፣ ያኔ በስፖንሰሩ ስም የፔፕሲ ሊግ ይባል ነበር። ከ2008 ጀምሮ አሥራ ሁለት ክለቦች አሉት። ያኔ እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር በሜዳውና ከሜዳው ውጪ ይገናኝ ነበር፤ በድምሩ 22 ጨዋታ ነው። የሚጀመረው በሜይ ሲሆን በኦክቶበር መጀመሪያ ያልቅ ነበር። የእኛ ሊግ በክረምት ዝናብ ሲዘጋ የእነሱ ሞቅ የሚለው ያኔ ነው፤ በጁን ሌሊቱ ስለማይጨልም ማታ አንድ ሰዓት አልፎ የተጀመረ ጨዋታ ያለ ፓውዛ ያልቃል። በቀሪው ጊዜ በረዶና ጨለማ ስለሆነ ሜዳ ላይ ሊግ ማስኬድ የማይታሰብ ነው። ልጆች በዚያ የብርድ ወቅት ጣሪያ ባላቸው ትልልቅ አዳራሾች ውስጥ መሠልጠን የጀመሩት ከ2000 ወዲህ ነው።

አብዛኛው ተጫዋች ቀን ሥራ ወይም ትምህርት አለው፣ ማታ ይለማመዳል። ጎበዝ የሆነው ወደ ኖርዌይ፣ ስዊድን፣ ዴንማርክ ይሄዳል፤ የባሰበት ጎበዝ ወደ ሆላንድና እንግሊዝ። ስለዚህ ሊጉ ሁልጊዜ እንደሚቀዳ እንስራ ነው፤ የሞላ ሲመስል ይጎድላል።

22 ጨዋታ የሚለውን ቁጥር ልብ በሉልኝ። በእንግሊዝ ወይም በስፔን 38 ጨዋታ አለ። እዚያ አንድ መጥፎ ሳምንት ይካካሳል። በ22 ጨዋታ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ነጥብ ሁለት እጥፍ ሊባል በሚችል መጠን ይከብዳል፣ የጣሉትን መልሶ ለመልቀም ጊዜ የለም።

ሁለቱ ጎረቤታሞች

ኤፍ ኤች ማለት የሀፍናርፍዮርዱር ጂምናስቲክ ክበብ ማለት ነው፤ በ1929 ሲቋቋም ስሙን ያገኘው ከጂምናስቲክ እንጂ ከኳስ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ተራ ክለብ ነበር። በ2004 የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ በላ፣ በ2005 ደገመ፣ በ2006 ሠለሰ። በ2008፣ በ2009 እና በ2012 ጨመረ። በአሥር ዓመት ውስጥ ስድስት ዋንጫ። የዚያን ጊዜ አሰልጣኙ ሄይሚር ጉድዮንሶን ነበር፣ ለክለቡ ተጫውቶ ያለፈ፣ ከ2008 ጀምሮ ቡድኑን የያዘ ሰው። ደጋፊዎቹ ራሳቸውን ማፊያ ብለው ይጠራሉ።

ስትያርናን ማለት ኮከቡ ማለት ነው። የተቋቋመው በ1960 ሲሆን፣ መቀመጫው ጋርዳባይር ከሀፍናርፍዮርዱር ጋር አጥር የሚጋራ ከተማ ነው። ከአንዱ ሜዳ ወደ ሌላው በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው። ጋርዳባይር ደህና ኑሮ ያለው ሰው የሚበዛባት ከተማ ናት ተብላ ትታማለች፤ ደጋፊዎቹ ሐሜቱን ሰምተው ቂም ከመያዝ ይልቅ ማኅበራቸውን «የብር ማንኪያ» ብለው ሰየሙት። ይህቺን ነገር እወዳታለሁ። ሰው የሚሰድበውን ስም አንስቶ ባንዲራው ላይ የሚጽፍ ደጋፊ ለመሸነፍም ለማሸነፍም የተዘጋጀ ነው።

የወንዶቹ ቡድን ግን ከዚያ በፊት ምንም በልቶ አያውቅም። ወደ ከፍተኛው ሊግ የተመለሰው ለ2009 ወቅት ነው። በ2012 የአገሪቱ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በኬአር ተሸነፈ። በ2013 እንደገና ደረሰና ከፍራም ጋር 3 ለ 3 ተለያይቶ በፍጹም ቅጣት ምት ወጣ። የሴቶቹ ቡድን በአንጻሩ በ2011 እና በ2013 ሊጉን በልቷል። በአንድ ግቢ ውስጥ እህቶች ዋንጫ እያስገቡ ወንድሞች ባዶ እጃቸውን የሚመለሱበት ቤት ነበር።

ዓለም ስትያርናንን ካወቀው ደግሞ በሌላ ነገር ነው። በ2010 ከፊልኪር ጋር ሲጫወቱ ሀልዶር ኦሪ ብዮርንሶን ግብ አስቆጠረና ዓሣ አጥማጅ ሆነ። የማይታይ መቃጥን ወረወረ፣ አንድ የቡድን አጋሩ ሜዳው ላይ ወድቆ እንደ ሳልመን ዓሣ እየተንፈራገጠ ተጎተተ፣ ሌሎቹ አንስተው ተሸከሙት፣ አንዱ ፎቶ አንሺ ሆኖ ተቀመጠ። ዓሣ የሆነው ልጅ ዮሃን ላክስዳል ይባላል። የቤተሰቡ ስም ውስጥ ያለው «ላክስ» በአይስላንድኛ ሳልመን ማለት ነው። ቪዲዮው በዚያ ሰሞን ዓለምን ዞረ። ከዚያ ብስክሌት ሠሩ፣ ሽንት ቤት ሠሩ። ዞሮ ዞሮ ሰው ያያቸው እንደ ቀልደኞች ነው። ቀልደኛ ተብሎ የተጠራ ቡድን ዋንጫ እንዲበላ አይጠበቅም፤ በ2014 መጀመሪያ ላይም ማንም አልጠበቀም። ሀልዶር ኦሪ ራሱ በዚያ ዓመት ስዊድን ነበር።

አሰልጣኙም አዲስ ነው። ሩናር ፓውል ሲግሙንድሶን በ2013 ምክትል ነበር፤ ቡድኑ ሦስተኛ ወጥቶ የአውሮፓ ትኬት ሲያገኝ ዋናው አሰልጣኝ ሄደና እሱ ተተካ። የመጀመሪያ ዓመቱ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ላንሳ፣ ምክንያቱም የአይስላንድ ኳስ አንዳንዴ ራሱን የሚደግም ይመስለኛል። በ2008 ኬፍላቪክ የሚባለው ክለብ የመጨረሻውን ሳምንት የጀመረው ኤፍ ኤችን በሁለት ነጥብ እየመራ ነው። በሜዳው በፍራም 2 ለ 1 ተሸነፈ። ኤፍ ኤች ፊልኪርን 2 ለ 0 አሸነፈና በ47 ነጥብ ዋንጫውን ወሰደ፤ ኬፍላቪክ በ46 ቀረ። ያኔ የኤፍ ኤች አሰልጣኝ ሄይሚር ጉድዮንሶን ነበር፣ የመጀመሪያ ዓመቱ። ከስድስት ዓመት በኋላ በሁለት ነጥብ የሚመራው ራሱ ነው፣ ከኋላ የሚያሳድደው ደግሞ የመጀመሪያ ዓመቱ አሰልጣኝ።

ስምንት የአውሮፓ ጨዋታ

የዚያ ዓመት ስትያርናንን ለመረዳት ከሊጉ መውጣት ያስፈልጋል። ክለቡ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በአውሮፓ ውድድር፣ በዩሮፓ ሊግ ማጣሪያ ገባ። በመጀመሪያው ዙር የዌልሱን ባንጎር ሲቲን 4 ለ 0 እና 4 ለ 0 አሸነፈ። ይህ ብዙ አያስወራም።

ሁለተኛው ዙር ነው የሚያስወራው። የስኮትላንዱ ማዘርዌል በሜዳው እየመራ ነበር፤ ኦላፉር ካርል ፊንሰን የሚባል አጥቂ በፍጹም ቅጣት ምት አንድ አግብቷል፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሌላ ፍጹም ቅጣት ምት ተገኘ። ፊንሰን ያቺንም አገባ፣ 2 ለ 2። በመልሱ ጋርዳባይር ላይ ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሄዶ ስትያርናን 3 ለ 2 አሸነፈ። ፊንሰን እና በመገባደጃ ሰዓት የምትገኝ ፍጹም ቅጣት ምት፤ ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ።

ቀጥሎ የፖላንዱ ሌክ ፖዝናን መጣ። ሮልፍ ቶፍት የሚባል፣ በዚያው ሰሞን የተፈረመ የዴንማርክ አጥቂ በአይስላንድ አንድ ግብ አገባ፤ ፖዝናን ላይ ያለ ግብ ተለያዩ፣ ስትያርናን አለፈ። የተቀጠረበትን ሥራ በሳምንታት ውስጥ የጨረሰ ሰው ቢኖር ይህ ነው። ከዚያ ዕጣው ኢንተር ሚላንን አወጣ። የመጀመሪያው ጨዋታ በብሔራዊው ስታዲየም ላውጋርዳልስቮሉር ተደርጎ ኢንተር 3 ለ 0 አሸነፈ፣ በሳን ሲሮ ደግሞ 6 ለ 0።

ባለሙያ ነን የሚሉ ሰዎች እንዲህ ዓይነቱን ጉዞ እንደ መርዝ ያዩታል። ቀን የሚሠራ፣ ማታ የሚለማመድ ቡድን ከጁላይ እስከ ኦገስት መጨረሻ ስምንት የአውሮፓ ጨዋታ ጨምሮ ሲጫወት እግሩ መዛል አለበት፣ በሊጉ መውደቅ አለበት። ስትያርናን ግን አልወደቀም። በዚህ መሃል ግብ ያስቆጥርለት የነበረው አጥቂ ዬፔ ሃንሰን ወደ ዴንማርክ ሄዶ ቶፍት ተተክቷል፤ ሞተሩን እየነዱ እንደመቀየር ነው። ኤፍ ኤችም በበኩሉ በአውሮፓ ሁለት ዙር አልፎ በስዊድኑ ኤልፍስቦርግ ተሰናብቷል፣ ስለዚህ ድካሙ የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም።

የእኔ ግምት ጉዞው ስትያርናንን ከማድከም ይልቅ አንድ ነገር አስተምሮታል የሚል ነው። በሳን ሲሮ ስድስት ግብ የገባበት ተከላካይ ከሳምንት በኋላ በአይስላንድ ሜዳ የሚያስፈራው ነገር አያገኝም። ግብ ጠባቂው ኢንግቫር ዮንሶን የዚያ ወቅት የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆኖ መመረጡም ከዚህ ጋር የሚያያዝ ይመስለኛል። ኋላ ወደ ኖርዌይ ሄደ፣ በ2016 የአውሮፓ ዋንጫም ከብሔራዊ ቡድኑ ሦስት ግብ ጠባቂዎች አንዱ ነበር። ከፊቱ የተሰለፉት ግማሾቹ የጋርዳባይር ልጆች፣ እንደ ዳኒኤል ላክስዳል (የዓሣው ወንድም)፣ ግማሾቹ ከዴንማርክ የመጡ ናቸው። አማካዩ ፓብሎ ፑንየድ ደግሞ ማያሚ ተወልዶ ለኤል ሳልቫዶር የተጫወተ ነው። ትንሽ ከተማ፣ ሰፊ ስብስብ።

ወራጁ ውሃ

አሁን ወደ ሒሳቡ።

ከመጨረሻው ሳምንት በፊት ኤፍ ኤች 15 አሸንፎ 6 አቻ ወጥቷል። ስትያርናን 14 አሸንፎ 7 አቻ። ሁለቱም ስላልተሸነፉ በመጀመሪያው ዙር እርስ በርስ የተገናኙበት ጨዋታም አቻ መሆኑ ግልጽ ነው። የሠንጠረዡን ውጤት ሳያዩ የሚያውቁት ነገር ይህ ነው።

አቻ የምትባለው ውጤት ተንኮለኛ ናት። የተሸነፈ ቡድን ይደነግጣል፣ አሰልጣኙ ይቆጣል፣ ሰኞ ልምምድ ላይ አንድ ነገር ይቀየራል። አቻ የወጣ ቡድን ግን «አሁንም አልተሸነፍንም» ብሎ አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል። ሰዎች እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚሉት ነው። እያንዳንዷ አቻ ሁለት ነጥብ ትበላለች። ኤፍ ኤች በስድስቱ አሥራ ሁለት ነጥብ አስበልቷል፣ አንዱም ቀን እንደ አደጋ አልተቆጠረም።

እስቲ አንዷን ብቻ እንቀይር። ኤፍ ኤች ከሌሎቹ አሥር ክለቦች ጋር አቻ ከወጣባቸው ጨዋታዎች አንዱን አሸንፎ ቢሆን 53 ነጥብ ይዞ ይገባ ነበር፤ ስትያርናን 49። አራት ነጥብ ልዩነት፣ አንድ ጨዋታ ቀሪ። ያ ቅዳሜ የዋንጫ ርክክብ ብቻ ይሆን ነበር፤ ሕዝቡ ለጭብጨባ ይመጣ ነበር። ሌላ ዓይነት ስሌትም ይቻላል። ከስድስቱ አቻዎች ሁለቱን ቀይረን አንዱን ድል፣ አንዱን ሽንፈት ብናደርጋቸው ኤፍ ኤች 52 ነጥብ ይኖረዋል፤ ስትያርናን አሸንፎ 52 ቢደርስ እንኳ የሚለያቸው የግብ ልዩነት ነው፣ እሱ ደግሞ ለኤፍ ኤች ያደላ ነበር። ማለትም አንድ ጊዜ የተሸነፈ ኤፍ ኤች ዋንጫ የመብላት ዕድሉ ካልተሸነፈው ኤፍ ኤች የተሻለ ነበር። ይህን ስጽፍ ራሴም ደግሜ ደመርኩት፤ ልክ ነው።

በ1978 ቫሉር ይህን ሊግ ሳይሸነፍ ሲበላ ከ18 ጨዋታ 17 አሸንፎ አንድ ብቻ ነው አቻ የወጣው። ያለመሸነፍ ማለት እንዲያ ሲሆን የማንንም ውለታ አይጠብቅም።

ቅዳሜው

የጨዋታ መርሐ ግብሩ የወጣው ወቅቱ ሳይጀመር ነው፤ ማንም አስቦበት የመጨረሻውን ሳምንት አላዘጋጀውም። ኬአር ሦስተኛ መሆኑ፣ ፍራም እና ከሰሜን የመጣው ቶር ወደ ታችኛው ሊግ መውረዳቸው፣ የኬአሩ እንግሊዛዊ ጌሪ ማርቲን በ13 ግብ ኮከብ ግብ አግቢ መሆኑ፣ ሁሉም በዚያ ቀን ሁለተኛ ዜና ነበር።

በ39ኛው ደቂቃ ፊንሰን አገባ፣ ስትያርናን 1 ለ 0። ግቧ ከጨዋታ ውጪ ነበረች የሚለው ቅሬታ ያን ጊዜ ተነስቶ እስካሁን አልሞተም። ቪዲዮ ዳኛ የሚባል ነገር በሊጉ አልነበረም። የመስመር ዳኛው ባንዲራ ካልተነሳ ግብ ግብ ነው።

ከእረፍት በኋላ በ64ኛው ደቂቃ ስኮትላንዳዊው ስቲቨን ሌነን ለኤፍ ኤች አቻ አደረገ። ሜዳው ጮኸ፤ ምክንያቱም በዚያች ቅጽበት ኤፍ ኤች ሻምፒዮን ነው። ከዚያ ወዲያ ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም። ስትያርናን ደግሞ አንድ ሰው በቀይ ካርድ አጥቶ በአሥር ቀረ።

ሁኔታውን ከኤፍ ኤች በኩል ሆናችሁ እዩት። በሜዳህ ነህ። ሕዝቡ ያንተ ነው። ተጋጣሚህ አንድ ሰው ጎድሎታል። አቻ ይበቃሃል። ዘጠና ደቂቃ አልቋል፤ ዳኛው የባከነውን ሰዓት እየጨመረ ነው። በዓመቱ አንዴም አልተሸነፍክም። ይህን ሁሉ ደራርበው ውርርድ ቤት ቢሄዱ ማን በስትያርናን ላይ ሳንቲም ያስይዛል?

ሆኖም ኳሱ ኤፍ ኤች የቅጣት ክልል ውስጥ ነበር። በአሥር ሰው የቀረው ቡድን ነው ወደፊት የሄደው፤ የሚያጣው ነገር ስላልነበረው። ሁለተኛነቱ ተረጋግጧል፣ በአንድ ቢሸነፍ በሁለት ቢሸነፍ ደረጃው አይቀየርም። የኤፍ ኤች ተከላካይ ገጨ፣ የስትያርናን ተጫዋች ወደቀ፣ ዳኛው ወደ ነጥቧ ጠቆመ።

ኳሷን ያነሳው ፊንሰን ነው። ኤፍ ኤችን የሚደግፍ ሰው ማዘርዌል ላይ የሆነውን ሰምቶ ከነበር ያኔ ሆዱ ሳይላወስ አልቀረም። በጁላይ በስኮትላንድ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በሰው ሜዳ፣ በሰው ጩኸት መሃል ያደረገውን አሁን መድገም ነው። ልዩነቱ ያኔ ያዳነው አንድ ጨዋታ ሲሆን አሁን በእግሩ ሥር ያለው ሃያ ሁለት ሳምንት መሆኑ ነው። መታ፣ አገባ። 2 ለ 1። ለመመለስ የሚበቃ ጊዜ አልነበረም።

የመጨረሻው ሠንጠረዥ፦ ስትያርናን 15 ድል፣ 7 አቻ፣ 0 ሽንፈት፣ 52 ነጥብ። ኤፍ ኤች 15 ድል፣ 6 አቻ፣ 1 ሽንፈት፣ 51 ነጥብ። የድላቸው ብዛት እኩል ነው። ኤፍ ኤች ብዙ አግብቷል፣ ጥቂት ገብቶበታል። ዓመቱን ሙሉ የመራው ወይም የተሻለው ማን ነበር ብላችሁ ብትጠይቁኝ ኤፍ ኤች እላለሁ፤ ዋንጫው ለማን ይገባል ካላችሁ ግን ለስትያርናን። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አንድ የሚመስሉት ሊጉን ከሩቅ ለሚያይ ሰው ነው።

ስለ ዳኝነቱ ብዙ ተብሏል። የመጀመሪያዋ ግብ ላይ የኤፍ ኤች ሰዎች ቅሬታ የሚያስኬድ ይመስለኛል። ነገር ግን ያችን ግብ ሌነን በ64ኛው ደቂቃ ሰርዟታል። ከዚያ በኋላ ሃያ ስድስት ደቂቃና ጭማሪ ሰዓት ነበር፣ የአንድ ሰው ብልጫም ነበር። አንድ ግብ ቢጨምሩ ኖሮ ፍጹም ቅጣት ምቷ ማጽናኛ ብቻ ትሆን ነበር። ስድስቱ አቻዎች ላይ የሆነው በአንድ ከሰዓት በኋላ ተጠቅልሎ መጣ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከዚያ በኋላ

ጋርዳባይር በዚያ ዓመት ሁለት የሊግ ዋንጫ ገባ፤ የሴቶቹም ቡድን የ2014ን ሊግና የጥሎ ማለፍ ዋንጫ አንድ ላይ በልቷል። አገሩ ስለ ካፕላክሪኪ አውርቶ ሳይጨርስ፣ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ኦክቶበር 13፣ ብሔራዊ ቡድኑ በላውጋርዳልስቮሉር ሆላንድን በጊልፊ ሲጉርድሶን ሁለት ግቦች 2 ለ 0 አሸነፈ። ዓለም አይስላንድን ማየት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው፣ ሊጉ ግን ቀድሞ ተሟሙቆ ነበር።

ስትያርናን በ2015 በሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ ሴልቲክን አገኘ። ግላስጎው ላይ 2 ለ 0 ተሸነፈ። በመልሱ ጋርዳባይር ላይ ፊንሰን ገና በ7ኛው ደቂቃ አገባና ለጥቂት ጊዜ ሰዉ እንደገና ማመን ጀመረ፤ ሴልቲክ 4 ለ 1 አሸንፎ ሄደ። በሊጉም አራተኛ ሆነው ጨረሱ። በ2018 የጥሎ ማለፍ ዋንጫውን ብሬይዳብሊክን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፈው አገኙ። ሊጉን ግን በቀጣዮቹ አሥር ዓመታት አልደገሙትም።

ኤፍ ኤች በ2015 ተመልሶ መጣና ዋንጫውን በላ፣ በ48 ነጥብ። በ2016 ደገመ፣ በ43 ነጥብ፣ ሁለተኛ የወጣው ስትያርናን ነበር። በ2014 ያ 51 ነጥብ ያስገኘለት የብር ሜዳሊያ ነው።